«ወንድሜ ልጆቼን ዋሻ ሊያስገባቸው ነው፤ ሄልሜት ካደረጉ ይበቃል?»

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። የ12 ዓመት ወንድ እና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ተራራና ፏፏቴ ሲያስስ ነው የሚውለው። አሁን ትምህርት ስለተዘጋ ልጆቹን ከከተማ ወጣ ብሎ ገደል ሥር ያለ አንድ ዋሻ ይዣቸው ልግባ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ልጆቹም ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ፈራሁ ስለው ሁለት ሄልሜት ይዞ መጣ። አንዱ የሞተሩ ነው፤ ሌላው ከሳይት ያመጣው ቢጫ ኮፍያ ነው። በሞተሬ አንዷን ከፊት አንዱን ከኋላ አድርጌ 40 ደቂቃ ብንሄድ ነው ይላል። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ «እኛ ሄልሜት የት አውቀን ነው ዛፍ ላይ ያደግነው?» ይላል። አማቴ ደግሞ ዋሻ የጅብ ቤት ነው፣ የልጅ ቦታ አይደለም ብለው ተቆጥተዋል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሄልሜት ካደረጉ ይበቃል? ብከለክላቸውስ ፈሪ አድርጌ ማሳደጌ ነው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተመልሼ ያነበብኩት አንድ መስመር አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። ስለ ዋሻው የጻፍሽው እንዳይመስልሽ። «በሞተሬ አንዷን ከፊት አንዱን ከኋላ አድርጌ» የሚለው ነው።

ዋሻውን ስትፈሪ ሞተሩን እንደ ዋዛ አለፍሽው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጣላው በሞተሩ ነው። እስቲ ዓይንሽን ጨፍነሽ አስቢው። አንድ ጎረምሳ ይነዳል፣ ከመሪውና ከደረቱ መሃል የ8 ዓመት ልጅሽ ተቀምጣለች፣ ከኋላ ወንዱ ወገቡን ይዟል፣ መንገዱ የሐምሌ ጭቃ ነው፣ ከፊት ደግሞ አይሱዙ እየመጣ ነው። ሦስት ሰው፣ ሁለት ሄልሜት። ከሁለቱ አንዱ የሳይት ኮፍያ ነው፤ እሱን ገና ከሰፈር ሳይወጡ ነፋስ ይወስደዋል። ወንድምሽ የራሱን ለአንዱ ልጅ ከሰጠ ደግሞ ነጂው በባዶ ራሱ ሊነዳ ነው። ነጂው ከወደቀ ሁሉም ወደቀ።

በሞተር ሄልሜት ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ሄልሜት የመሞትን አደጋ 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ቀላል ቁጥር አይደለም። ግን ያ ራስ ላይ የቆየ ሄልሜት ነው። የአዋቂ ሄልሜት የ8 ዓመት ልጅ ራስ ላይ ስታደርጊው ልጅቷ ትዞራለች፣ እሱ አይዞርም። ስትወድቅ ቀድሟት ይወልቃል። ስለዚህ ዋሻው ይቅርም ይሁንም ሞተሩ ይቅር። ሚኒባስ እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ ካልሆነ ባጃጅ ኮንትራት ይያዝ፣ የቀረውን በእግራቸው ይሂዱ። ልጅ መራመድ ይችላል። ለወንድምሽ ሌላ ምንም መናገር ካቃተሽ ይህችን ብቻ ንገሪውና ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አቁሚው፤ ትልቁን ነገር ጨርሰሻል።

አሁን ወደ ሄልሜቶቹ ልምጣ። ሁለቱም ደህና ዕቃ ናቸው፤ ችግሩ ሁለቱም ለሌላ ሥራ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ምጣድም ጀበናም የቡና ዕቃ ናቸው፤ ግን በጀበና ቡና የሚቆላ ሰው አላየሁም፤ አንቺም የጅማ ሰው ሆነሽ አላየሽም።

የሞተሩ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን ቀጭን የልጅ አንገት ላይ ጭነሽ ጎንበስ ቀና በል ማለት ነው። ጆሮ ይሸፍናል፤ አጎቱ «ድንጋይ!» ብሎ ቢጮህ ልጁ የሚሰማው ጉምጉምታ ነው። አገጩ ላይ ያለው ደግሞ ወደ ታች እንዳያይ ይጋርደዋል። ዋሻ ውስጥ እግርን የትም ሳያዩ ማስቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ቁርጭምጭሚት ነው።

ቢጫው ኮፍያ በሌላ በኩል የሚታማ ነው። እሱ የታሰበው ቀጥ ብሎ ቆሞ ለሚሠራ ሰው፣ ከላይ ለሚወድቅበት ነገር ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ከሆነ 397 የሚለውን የደረጃውን ቁጥር ከውስጡ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ሲፈተን 5 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ አናቱ ላይ ይጣልበታል። አናቱ ላይ ነው ያልኩሽ። ልጅ ግን ዋሻ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይንበረከካል፣ ይሳባል፣ ተንሸራትቶ በጎኑ ይወድቃል። ማሰሪያውም ቢኖረው የተሠራው በቀላሉ እንዲለቅ ነው፤ ከ15 እስከ 25 ኪሎ የሚሆን ጉተታ ሲያገኘው ይፈታል፣ ሠራተኛው የሆነ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይታነቅ። ለሳይት ጥሩ ሐሳብ ነው። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ለሚንከባለል ልጅ ግን በመጀመሪያው ግጭት ይወልቅና ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በባዶ ራሱ ይቀበላል።

ለዋሻ የሚሆነው ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚያደርጉት ነው። የሱ የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር 12492 ነው። እንደ ስልክ ቁጥር ያዢው። ሲፈተን 5 ኪሎው ከ2 ሜትር ነው የሚጣልበት፤ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላም ይመታል፤ ማሰሪያው እስከ 50 ኪሎ ጉተታ መያዝ አለበት። ቀላል ነው፣ ጆሮ አይሸፍንም፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ የሚታሰርበት ቦታ አለው። የልጅ ልክም አለው። ጅማ መርካቶን ዞሬ ፈልጌዋለሁ፣ አላገኘሁም፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ማስቸገር ያስፈልጋል። የብስክሌት ሄልሜት ግን አግኝቻለሁ። እሱ ከሁለቱ ይሻላል ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አዎ፣ ለመውደቅ ይሻላል። ብቻ ውስጡ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ዓይነት ነጭ ፎም ነው፤ አንዴ ጠንከር ያለ ምት ከቀመሰ አለቀለት፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም ይጣላል። የአየር ቀዳዳዎቹም ሹል ድንጋይ ያሳልፋሉ። ሰልባጅ ደግሞ አትግዢ። ቀሚስ ከሰልባጅ ይገዛል፣ እኔም ለብሻለሁ። ሄልሜት ግን ከማን ራስ ላይ፣ ከየትኛው አደጋ እንደመጣ አይናገርም።

ስትገዢም ልጁን ይዘሽ ሂጂ። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፍት ይሁን፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባሩ ከታየ ያ ጌጥ ነው። ማሰሪያውን ሳታስሪ ጎንበስ በል በይው። ከወደቀ ልኩ አይደለም። ስታስሪው ከአገጩ ሥር አንድ ጣት ይግባ። ለልጅቷ ደግሞ ፀጉሯን አስቢ። ወፍራም ሹሩባ ተሠርታ ሄልሜት ብትለካ ከላይ ተንሳፎ ይቀመጣል፤ ወይ ቀጭን ተሠርታ ትለካ፣ ወይ ፀጉሯ ከታች ተይዞ ይታሰር።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምርልሽ፤ እኔም ሳውቅ ክው ብዬ ነበር። ሄልሜት ራሱ ልጅ ያንቃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የብስክሌት ሄልሜታቸውን ሳያወልቁ መጫወቻ ላይ የወጡ ልጆች፣ ሰውነታቸው በብረቶቹ መሃል ሾልኮ ራሳቸው ከነሄልሜቱ ስለተያዘ በማሰሪያው ታንቀው የሞቱ አሉ። አውሮፓም ለትንንሽ ልጆች በጉተታ ራሱን የሚፈታ ሌላ ዓይነት ሄልሜት ደረጃ አውጥቷል። ዋሻ ውስጥ ደግሞ መጫወቻ ላይ ካለው የጠበበ ስንጥቅ ሞልቷል። ልጅ ቀጭን ስለሆነ አጎት የማያልፍበትን ያልፋል፣ ይህም ጀግንነት ይመስለዋል። እግሩና ደረቱ ይገቡና ሄልሜቱ ይቀራል። ስለዚህ ለወንድምሽ ቁርጥ ያለ ሕግ ስጪው፦ ሄልሜቱ የማያልፍበት ቦታ ልጁ አያልፍም። አውልቆ ማለፍ የሚባል ነገርም የለም። ዛፍ ላይ ሲወጡም ያውልቁት።

ባለቤትሽ ሳቀ አልሽኝ። እኔም ያለ ሄልሜት ነው ያደግሁት። ግንባሬ ላይ፣ ፀጉሬ ከሚጀምርበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አውራ ጣት የምታህል ጠባሳ አለችኝ። የ9 ዓመት ልጅ ሆኜ ክረምት አያቴ ጋ ገጠር ሄደን ዝናብ ሲመጣ ከወንድሞቼ ጋር አለት ሥር ተጠለልን። ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባ ነበርና እስከ መጨረሻው ተሳብን። ምንም ድንጋይ አልወደቀብኝም። ዝናቡ አባራ ሲሉ ሰምቼ በደስታ ብድግ አልኩ፤ በቃ። ጣሪያው የት እንዳለ ረስቼዋለሁ። የዋሻ ውስጥ ቁስል እንዲህም ይመጣል፤ ማንም አልመታንም፣ እኛው ነን ተነስተን የመታነው። ለዚህ ለዚህ ሄልሜት እውነትም ይሠራል። ለባለቤትሽም እንዲህ በይልኝ፦ «እኛ እኮ ያለ ሄልሜት አድገናል» የሚሉት ያደጉት ናቸው። ያላደጉት ቡና ላይ ተቀምጠው አይከራከሩም።

አያቴ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ጠቀጠቀችበት። ደሙ ቆመ፣ እናቴም አመሰገነቻት። ከዚያ መገለ፣ ሦስት ሳምንት ታሽጎ ከረመ። ጅማ ተቀምጬ ቡናን ማማት ከባድ ነው፤ ግን ቡናው ሲኒ ውስጥ ይቅር። ልጅሽ ራሱን ቢፈነከት ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ ጫን አድርጎ መያዝ፣ እያነሱ አለማየት፣ 10 ደቂቃ ሙሉ መታገሥ ነው። የራስ ቅል ቆዳ ደም ይወደዋል፤ ከመጠኑ በላይ ያስደነግጣል። የሚያስፈራው ከውስጥ ያለው ነው። ካስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ የተነገረውን መልሶ መልሶ ከጠየቀ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውኃ መሰል ነገር ከወጣ፣ ወይም የዓይኑ ብሌኖች ልካቸው ከተለያየ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። «ተኝቶ ይነሳ፣ ይሻለዋል» አይባልም። ሄልሜት አድርጎ ስለነበር ምንም አልሆነም ማለትም አይሠራም፤ ሄልሜት አጥንቱን ያድናል እንጂ አንጎል ውስጥ ያለውን መናወጥ ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። አንገቱን አመመኝ ካለ ደግሞ አቅፎ ማንሳት ቀርቶ ጭራሽ አይነካካ።

እንግዲህ ሄልሜት የሚያደርገው ይህን ነው። ለማያደርገው ነው የምፈራው።

ሄልሜት ውኃ አያቆምም። የታይላንዶቹን ልጆች ታስታውሻቸዋለሽ? ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. 12 የእግር ኳስ ልጆች፣ ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆኑ፣ ከ25 ዓመት አሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ የሚባል ዋሻ ገቡ። ለአጭር ጊዜ ነበር የገቡት። ዝናብ ጣለ፣ ውኃው ከኋላቸው በሩን ዘጋ። የመጨረሻዎቹ የወጡት ሐምሌ 3 ቀን ነው፤ ያውም ከዓለም ዙሪያ የመጡ ጠላቂዎች አደንዝዘው ተሸክመዋቸው። አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ኦክስጅን አድርሶ ሲመለስ ሞተ። ልጆቹን የያዛቸው ውኃ ነው እንጂ የራስ ምት አይደለም። አሠልጣኙም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹን የሚወድ፣ ልክ እንደ ወንድምሽ፣ ቦታውን አውቀዋለሁ የሚል ወጣት ነበር። እኛ ጋ ያን ያህል ጠላቂ ከየት ይመጣል?

የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አልነግርም። ጠዋት ልብስ አስጥተሽ ከሰዓት በሩጫ የምታስገቢበት አገር ነው። ዋሻ ላይ ደግሞ ዝናቡ የግድ እዚያው መጣል የለበትም፤ ከላይ ተረተሩ ላይ ይጥልና በስንጥቁ ይወርዳል፣ አፉ ላይ ፀሐይ እያለ ውስጥ ውኃ ይሞላል። ስለዚህ በሐምሌ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ይሰረዝ። ቡናው አልጋ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ ይጠበቅ። ገበሬ ቡናውን ውጭ ለማሳደር ካመነው ሰማይ፣ እኔም አምነዋለሁ። ያኔም ቢሆን ከቀኑ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ዝናብ ጥሎ ከሆነ አይገባም።

ሌላው አፈር ነው። ወንድምሽ «ዋሻ» የሚለው አለት ነው ወይስ ቀይ አፈር? ይህን ጠይቂው። ሶፍ ዑመርን የመሰለው ባሌ ያለው ትልቁ ዋሻ የኖራ ድንጋይ ነው፣ የወይብ ወንዝ ለረጅም ዘመን ፈልፍሎት 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። በኛ በኩል ያለው አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ከላዩ ደግሞ ወፍራም ቀይ አፈር። ገረጋንቲ ወይም አፈር ተቆፍሮ የወጣበት ጉድጓድ ከሆነ ዋሻ ብለን አንጥራው። እርጥብ አፈር ሲናድ በኪዩቢክ ሜትር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ 12492ም ሆነ ሌላ ቁጥር አያግዘውም። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ በሆነው የመሬት ናዳ ሁላችንም አልቅሰናል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ።

አማትሽንም አታናንቂያቸው። ጅብ እውነትም ዋሻ ውስጥ ይወልዳል። እኔ ግን ከጅቡ ይልቅ የሌሊት ወፏ ታሳስበኛለች። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የ15 ዓመት ዴንማርካዊ ልጅ ኬንያ፣ ኤልጎን ተራራ ላይ ኪቱም የሚባል ዋሻ ጎብኝቶ በማርበርግ ቫይረስ ሞቷል። በሽታው ዋሻ ውስጥ በብዛት ከሚኖሩ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ጋር የተያያዘ ነው። ሩቅ እንዳይመስልሽ፤ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ጤና ሚኒስቴር ይህንኑ በሽታ ጂንካ ከተማ ውስጥ መገኘቱን አስታውቋል። ጂንካ ነው ያልኩት፣ ጅማ አላልኩም፤ አሁን ስልክ አንስተሽ አማትሽን እንዳታስደነግጫቸው። ለማለት የፈለግሁት ጣሪያው በሌሊት ወፍ የተሸፈነ፣ ወለሉ በኩሳቸው የለሰለሰ፣ አሞኒያ አሞኒያ የሚሸት ዋሻ ከሆነ ከአፉ ይመለሱ። የደረቀው ኩስ ሲቦንም ራሱ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ይይዛል። የወደቀች የሌሊት ወፍ በእጅ አይነካም፤ ብትነክስ የውሻ እብደት አለ።

ብርሃን። ወንድምሽ ስልኬ ባትሪ አለው ይልሻል። ስልክ ብርሃን አይደለም፤ በእጅ የሚያዝ፣ የሚወድቅ፣ ውኃ የሚጠላ ዕቃ ነው። ልጁ ሁለቱም እጁ ነጻ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ባትሪው ሄልሜቱ ላይ ይታሰር። ዋሻ የሚገቡ ሰዎች የቆየ ልማድ ለአንድ ሰው ሦስት ብርሃን ነው፤ ለቡድኑ ሦስት ማለት አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ነው። ትርፍ የባትሪ ድንጋይም ይያዝ። ባትሪ ጠፍቶ ያለውን ጨለማ የኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ከምናውቀው ጋር አታመሳስዪው። እጅሽን ዓይንሽ ሥር አምጥተሽ አታይውም።

የሰው ቁጥርም አለ። ዋሻ ቢያንስ ለአራት ነው የሚገባው። አንዱ ቢጎዳ አንድ ሰው አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ ለእርዳታ ይወጣሉ። አሁን የወንድምሽን ዕቅድ በዚህ ለኪው። እሱ እግሩ ቢሰበር ማን ይወጣል? የ12 ዓመት ልጅሽ፣ ብቻውን፣ እህቱን ጨለማ ውስጥ ትቶ? ይህንን ጥያቄ ሳታለዝቢው ጠይቂው። ከጓደኞቹ ሁለት ሦስት አዋቂ ይምጡ፣ ቦታው ገብተው የወጡ። ለአንድ ልጅ አንድ አዋቂ፣ እጁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት።

ስለ ልጅቷ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። 8 ዓመት ነች፣ አትግባ። ትንሽ ሰውነት ቶሎ ይበርደዋል፤ እርጥብ ልብስ ለብሳ ግማሽ ሰዓት ብትቆም ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ቤት ትቅር ግን አላልኩም፤ ያኔማ ቤቱን ታፈርሰዋለች፣ እሷም ትክክል ነች። ብርሃን እስከሚደርስበት አፉ ድረስ ትግባ፣ ሄልሜቷን ታድርግ፣ ከአንድ አዋቂ ጋር እዚያው ቁርሷን ትብላ። ሲመለሱ የሚነግሯትን ውሸት ሁሉ የምትሰማ የመጀመሪያዋ ሰው ትሁን።

ወንዱን ግን፣ ያልኩሽ ሁሉ ከተሟላ፣ ልቀቂው። ሁለተኛው ጥያቄሽ ይኸው ነበር። ፈሪ የሚያደርገው የእናት ክልከላ አይመስለኝም። እኔ የማውቃቸው ፈሪዎች «ፈራሁ» ሲሉ የተሳቀባቸው ናቸው። ስለዚህ ለልጁ አንድ መብት ይሰጠው፦ በየትኛውም ቦታ «እንመለስ» ካለ፣ ምክንያቱ ሳይጠየቅ፣ ሁሉም ይመለሳሉ። ማንም አይስቅም፣ በኋላም ሰፈር ውስጥ አይወራበትም። ልጅ አጎቱን ማሳፈር ከሞት በላይ ይከብደዋል፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠ «ደህና ነኝ» ይላል። ይህን ቃል ወንድምሽ ልጁ ፊት ይግባ። ሥራም ይሰጠው፤ ከመነሳታቸው በፊት የሁሉንም ባትሪ እያበራ የሚያይ እሱ ይሁን።

ወንድምሽን በሰው ፊት አትናገሪው። የእህቱን ልጆች ይዞ መዋል የሚወድ ጎረምሳ ስንት አለ? ብቻውን ቡና አፍይለትና ጠይቂው። ራስህ ገብተህ ታውቃለህ፣ በየትኛው ወር? ማን ማን አብሮህ ይገባል? ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ? ለሦስቱም «ኧረ ችግር የለውም» ካለሽ መልስሽን አግኝተሻል፣ ልጆቹ አይሄዱም። ቀን፣ ስምና ሰዓት ከነገረሽ ግን ወረቀት አምጪና ጻፊው። የቦታውን ስም፣ ዋሻው አጠገብ ያለውን ገበሬ ስምና ስልክ። ያ ገበሬ ውኃው በየትኛው ወር እስከ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ቀድሞ እሱን መጠየቅ ከየትኛውም ዕቃ ይበልጣል። ከዋሻ የሚወጡበት 8 ሰዓት ይሁን፣ ካልደወለ የምትነሺበት 10 ሰዓት ይሁን። 12 ሰዓት አትበዪ፤ ፀሐይ ጠልቃ ፈላጊ አሰባስበሽ የት ትደርሻለሽ?

እስከዚያ ድረስ ክረምቱን ቁጭ አይበሉ። ጅሬን ድረስ በእግራቸው ይዟቸው ይውጣ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያሳያቸው፤ አቀበቱ ራሱ ለሁለቱም ይበቃቸዋል። ሄልሜቱ ሲገኝ ደግሞ አንድ ማታ ይህን ሞክሪ። መብራት አጥፊ፣ ልጁ ሄልሜቱን ያድርግና በምግብ ጠረጴዛው ሥር፣ በወንበሮቹ መሃል፣ በአልጋው ሥር እየተሳበ ሳሎን ደርሶ ይመለስ። አንቺ ቁጭ ብለሽ «ቋ» ያለውን ቁጠሪ። ባለቤትሽንም አጠገብሽ አስቀምጪው፣ ይስማ።